የተዘጋው ውሃ

ውሃው ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እኔም ለትዳር «እሺ» ልል ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ለምወደው ሰው ግን አይደለም።

የምወደው አሽኒልን ነው። አውሮፕላኑን ይዞ መጥቶ፣ የአባቴ ሐዘን ሳይወጣ፣ መንደሩ ሁሉ እያየ፣ ከጭን በማያልፍ ውሃ ላይ ክንፍ የሰበረውን አሽኒልን። ያን ሰሞን ስሙ ሲነሳ ደሜ ይፈላ ነበር። ባልወደው ኖሮ እንዲያ ባልፈላ።

አባቴ ራቱ ቪሊሞኒ የመንደራችን የናሴሬ አለቃ ነበር፤ ራቱ የምንለው የአለቃ ዘር የሆነውን ነው። ሲሞት እንደ ወጋችን ከመንደሩ ፊት ለፊት ያለው ጥልቁ ውሃ ለመቶ ሌሊት ተዘጋ። ዙሪያውን እንጨት ተተከለ፣ እንጨቶቹ ጫፍ ላይ ጨርቅ ታሰረ። ከዚያ ወዲያ የእኛ ሰው ዓሣ አያጠምድበትም፣ አይዋኝበትም፣ በጀልባም አያቋርጠውም። እኔ ሥራዬ ከአውሮፕላን የሚወርዱ እንግዶችን በጀልባ ወደ ሆቴሉ ማድረስ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ እንጨቶቹን ዞሬ ነበር የምሄደው። ፀሐዩ ጀርባዬን ይልጠው ነበር። ይላጠው፣ አባቴ ነዋ።

ችግሩ ያ ጥልቅ ውሃ አውሮፕላኖቹም የሚያርፉበት መሆኑ ነው። ከእንጨቶቹ ውጭ ያለው አሸዋና የኮራል ድንጋይ ነው። ባሕሩ ሲሞላ እንደምንም ያሳርፋል፤ ሲሸሽ ግን ዳክዬም ሆዷን ትፋቃለች። ስለዚህ በአባቴ ቦታ የተቀመጠው አጎቴ ራቱ ሜሊ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ መከረና ለአየር መንገዱ መልእክት ላከ። «ክልከላው የራሳችን ነው፤ እንግዳን አይመለከትም። አውሮፕላኖቻችሁ በጥልቁ ይረፉ» አለ። አብራሪዎቹም በተፈቀደላቸው መሠረት በጥልቁ ያርፉ ነበር። ማንም ቅር አላለውም።

አሽኒል ከቀብሩ በኋላ ወደ እኛ ሲበርር ክንፉን የሰበረበት ቀን የመጀመሪያው ነበር። አልዋሽም፣ ፀጉሬን የኮኮናት ዘይት ቀብቼ፣ ሐዘንተኛ የማይለብሰውን ቀይ ሽርጥ አንስቼ መልሼ አስቀምጬ፣ ጥቁሩን ለብሼ ነው ጀልባዬ ላይ የጠበቅሁት። አባቴ በሕይወት ሳለ አሽኒል አንድ ልማድ ነበረው፤ አርፎ ወደ እኔ እየተንሳፈፈ ሲመጣ ሞተሩን አጥፍቶ ልክ እጄን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ላይ ያቆመው ነበር። እኔ አልስቅም እላለሁ፤ እስቃለሁ።

ያን ቀን ከዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ከናንዲ አርፍዶ ነበር የተነሳው። ባሕሩ ሸሽቷል። ከላይ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ደግሞ ሁለተኛ ዞረ። ጥልቁ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ተንጣልሎ ተኝቷል። እርሱ ግን ዘወር አለና ከእንጨቶቹ ውጭ፣ ወደ እኔ ጀልባ አቅጣጫ ወረደ። እኛ ጫማ የምንላቸው ሁለቱ ተንሳፋፊዎች ውሃውን በወጉ ነኩ፤ ለአፍታም ነገሩ የተሳካ መሰለ። ከዚያ የግራው ጫማ አሸዋ ስር ከተደበቀ ድንጋይ ጋር ተላተመ። አውሮፕላኑ በአፍንጫው ተደፋ፣ ዞረ፣ አንድ ክንፉ ተሰብሮ በጎኑ ተኛ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ስደርስ አሽኒል ደረቱ ድረስ ረጥቦ በሩን በትከሻው ይዞ ሰዎቹን ያወጣል። ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ አይጠርገውም። ባልና ሚስት ቱሪስቶች ነበሩ፤ ሰውየው ኮፍያውን ብቻ ነው ያጣው። ከፊት ወንበር አጠገቡ ተቀምጦ የመጣው ወንድሜ ሳኪዩሳ ነበር፤ እርሱም ደህና ነው። መጨረሻ ላይ አሽኒል ራሱ ወጣ። ሁሉም በእግራቸው ወደ ዳር ሄዱ። ውሃው ከጭናቸው አላለፈም፤ ይኸው ነው ያሳፈረን።

ዳር ላይ መንደሩ ተሰብስቧል። የአክስቴ ልጅ ማሲ፣ እኔን ማብሸቅ እንደ መብቱ የሚቆጥር፣ ሰዎቹ ደህና መሆናቸውን ሲያይ አፉን ከፈተ።

«ኡና፣ ሰውየሽ እግርሽ ስር ለመውደቅ ክንፍ መስበር ነበረበት እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ አጥንቴ ድረስ ገባ። አሽኒልን ወደ ጎን ወሰድኩት።

«ያ ሁሉ ጥልቅ ውሃ እያለልህ ለምን እዚህ?»

ቀና ብሎ እንጨቶቹን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «ስህተቱ የእኔ ነው» አለ።

«ስህተት መሆኑንማ ዓይነ ስውርም ያየዋል። ለምን ነው ያልኩህ።»

«ሌላ የምለው የለኝም፣ ኡና።»

«እንግዲያው እኔ ልበልልህ። በአባቴ ሐዘን ላይ ለእኔ ትርኢት ልታሳይ ፈልገህ ነው።»

ደሙን ያን ጊዜ ጠረገው። «እንዲህ ነው የምታስቢኝ?»

«ያየሁትን ነው የማስበው።»

«እንግዲያው ያየሽው ይሁን» አለና ከእኔ ዞር ብሎ ቱሪስቶቹ ብርድ ልብስ ማግኘታቸውን ሊያይ ሄደ። እንደተበደለ ሰው መሄዱ ከሁሉ በላይ አናደደኝ። በደለኛው እርሱ ነው ብዬ አምን ነበርና ጀርባውን እያየሁ ከመጥላት በቀር ምንም አልቻልኩም፤ መጥላቱም በደንብ አልሆነልኝ።

*

መርማሪዎች መጡ፣ ሄዱ። ለእነርሱም ያችኑ አለ፤ ስህተቱ የእኔ ነው። የበረራ ፈቃዱ ተያዘ። ባ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ በአባቱ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ቁጭ እንዳለ ሰማሁ። የአሽኒል ቅድመ አያት ከህንድ መጥቶ እዚያ አገዳ ቆርጧል፤ ልጆቹም የልጅ ልጆቹም እዚያው ተወልደው እዚያው ሞተዋል። አጎቴ ግን አንድም ቀን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «እንግዳው» ነው የሚለው።

«ጥሩ እንግዳ ነበር» አለኝ አንድ ቀን ሰሌን ላይ ከጎኑ አስቀምጦ። «እንግዳ ግን ይሄዳል። ሊያገባሽ የጠየቀን ራቱ ኢሶአ ደግሞ ቤቱ ቤታችንን ያውቃል። ውሃው በሚከፈትበት ቀን ይመጣሉ። ምን ልበላቸው?»

«በዚያን ቀን እነግርዎታለሁ» አልኩት። በልቤ ግን «እሺ» ብዬ ጨርሻለሁ። ራቱ ኢሶአ ጨዋ ሰው ነው፤ በሐዘናችንም አልቀለደም። ልብ የሚባለው ነገር ቀስ ብሎ ይከተላል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ከመክፈቻው በፊት በነበረው ቀን እኔና የአባቴ እህት ማኬሬታ፣ ኔይ ወይም አክስቴ የምንላት፣ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ለነገው ድግስ ኮኮናት ስንፈቀፍቅ ሳኪዩሳ መጥቶ ደፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ወንድምና እህት ጎረምሳና ኮረዳ ከሆን ወዲህ ፊት ለፊት አንነጋገርም፤ የወንድ ነገርማ ጭራሽ አይነሳም። ያደግነው እንዲህ ነው። የግድ የሚባል ነገር ሲኖር በሰው በኩል ይባላል።

«ኔይ» አለ፣ «ለአንዲት ሴትዮ መልእክት አለኝ።»

«የትኛዋ ሴትዮ?» አለች አክስቴ ዓይኗን ከኮኮናቱ ሳታነሳ።

«ነገ ለአጎቴ እሺ ልትል ያሰበችው። ጭንቅላቷ አንቺ ከያዝሽው ኮኮናት የሚደርቀው።»

«ኔይ» አልኩ እኔ፣ «ለዚያ ሰውዬ የራሱን ጭንቅላት ይጠብቅ በይልኝ።»

«ሁለታችሁም እዚሁ አላችሁ፤ እኔ ስልክ አይደለሁም» አለች አክስቴ። ደስ እንዳላት ግን ከድምጿ ያስታውቃል። «በል ተናገር፣ ልጄ።»

ወንድሜ ፊቱን ወደ ባሕሩ እንዳደረገ ጀመረ።

«አጠገቡ ነበርኩ። ከላይ ሆነን ባሕሩ መሸሸቱን አየን። እኔ ነኝ በጥልቁ እረፍ ያልኩት፤ አጎቴ ፈቅዷል አልኩት። ፈቃዱ ለማን ነው አለኝ። ለእንግዳ አልኩት። አንድ ጊዜ ዞረ። ከዚያ፣ ኔይ፣ እኔስ ምንድን ነኝ ብሎ ጠየቀኝ።»

አክስቴ መፈቅፈቋን አቆመች።

«ምን መለስክለት?» አልኩ። በቀጥታ መናገሬን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እርሱ እንዳልሰማ ሆነ።

«ኔይ፣ ለዚያች ሴትዮ ምንም አልመለስኩም በያት። አንድ ቃል ነበር የሚፈልገው። እንግዳ አይደለህም ማለት አቃተኝ። አፌ አልንቀሳቀስ አለ። ደግሞ ዞረ፤ ሲዞር፣ አለቃው እንግዳ አይደለህም ብሎኝ ነበር አለ። አሁን እርሱ ሲሞት፣ ስለተመቸኝ እንግዳ ልሁን? አለ። ከዚያ ከእንጨቶቹ ውጭ ወረደ።»

አባቴ እንደዚያ ማለቱን ሁላችንም እናውቃለን። አሽኒል መጀመሪያ መንደራችን ሲያርፍ እንደ ሌሎቹ ዕቃ አራግፎ አልበረረም። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ተወቅጦ የሚጠጣ የካቫ ሥር ይዞ፣ ሱሪው እንደረጠበ፣ ከሰሌኑ ዳር እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ መግባቱን አስፈቀደ። አባቴ ካቫውን ጠጣና «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ውሃ ላይ እንግዳ አይደለህም» አለው። እኛ ስቀን አለፍን። አባቴ ደስ ሲለው ለጳጳሱም ለመርከብ ነጋዴውም እንዲያ ይላል። ቃሉን የምሩን ነው ብሎ የያዘው ሰው ግን አንድ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?» አለች አክስቴ በእኔ ፈንታ።

«አስምሎኝ ነው። ምክንያቱን ከተናገርኩ፣ የናሴሬ ክልከላ አውሮፕላን ሰበረ ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያ ማንም አይመጣላቸውም አለኝ። ራቱ ሜሊም ያፍራል አለ፤ እርሱ የፈቀደውን ውሃ የአገዳ ገበሬ ልጅ አከበረው ይባላል። እኔ ደግሞ መሐላው ተመቸኝ። ለሰው ብናገር፣ አንተስ ምን አልከው መባሌ አይቀርማ።»

ተነስቶ ሄደ። አክስቴ ፊቴን አየችና የኮኮናቱን ሳህን ከጭኔ ላይ አነሳችልኝ፤ እንባዬ እየገባበት ነበር። አፍሬ ነበር ያለቀስኩት። ከእፍረቱ ስር ግን ሌላ ነገር እየሞቀኝ መጣ። ኮራሁ። እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

*

የመክፈቻው ቀን ዳርቻው ላይ ሰሌን ተነጠፈ። ከምድር ምድጃው የወጣ ጎደሬና የአሳማ ሥጋ በቅጠል ተደረደረ። በአንድ በኩል የራቱ ኢሶአ ሰዎች፣ በሌላው እኛ። አጎቴ መሀል ተቀምጦ ዓይኑን እኔ ላይ ሲጥል፣ ከወዲያ ማዶ አንድ ጀልባ መጣ። በአውሮፕላን ሲመጣ የኖረ ሰው በዓሣ አጥማጅ ጀልባ መጣ፤ የአሽኒል ግንባር ላይ ጠባሳው ገና ቀይ ነው። እንጨቶቹን በሩቅ ዞሮ ነበር የመጣው። ያን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አክስቴ በክርኗ ነካችኝ።

ከሰሌኑ ዳር ተቀመጠና በሁለት እጁ የያዘውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ወደ አጎቴ አቀረበ። ባ አጠገብ ያሉት የእኛው ወገኖች፣ የአባቱ ጎረቤቶች፣ ሰጥተውት ነው። ያለ እርሱ ትልቅ ይቅርታ አይጠየቅም።

«ራቱ» አለ፣ «በሐዘናችሁ ወቅት ባሕራችሁ ላይ አውሮፕላን ሰብሬአለሁ። ሰው ይዤ ነበር። ውሃው አላምር ሲለኝ ወደ ናንዲ መመለስ ነበረብኝ፤ አልተመለስኩም። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

አጎቴ ጥርሱን ተቀበለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁም ለስላሳ ነበር። «እንግዳ ነህ» አለው። «እንግዳ ቢያጠፋ ይታለፋል። ይቅር ብለንሃል።»

ሰዉ አጨበጨበ፣ እንደ ወጉ። አሽኒል ራሱን ዝቅ አደረገ። ፊቱን ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ክንፉ የተሰበረ ቀን እንኳ እንደዚያ አልሆነም ነበር።

ተነሳሁ። እንዲህ ባለ ጉባኤ መሀል ሴት ልጅ አትነሳም፤ የአለቃ ልጅ ብትሆንም።

«አጎቴ» አልኩ፣ «ይቅርታውን ይመልሱት።»

ጭብጨባው ተቋረጠ። የማሲ አፍ እንኳ ተዘጋ።

«ምን አልሽ?»

«እንግዳ ስለሆነ ነው ይቅር የተባለው። እንግዳ ቢሆን ኖሮ በጥልቁ ነበር የሚያርፈው። እርስዎ ለእንግዳ ፈቅደው የለም? ሁሉም አብራሪ በጥልቁ አርፏል። እርሱ አንድ ብቻውን ለምን ከእንጨቶቹ ውጭ ወረደ? የጠየቀ አለ? እኔም የጠየቅሁት ልሰድበው ነው እንጂ ልሰማው አልነበረም።»

«ኡና፣ ተይው» አለ አሽኒል በቀስታ።

«አልተወውም። አንተ ለእኛ ክብር ዝም አልክ፤ እኔ ለአንተ ክብር እናገራለሁ።» ወደ አጎቴ ዞርኩ። «አባቴ በዚህ ውሃ ላይ እንግዳ አይደለህም ብሎታል። እኛ ጨዋታ መስሎን ሳቅን። እርሱ ግን አመነ። ለእንግዳ የተከፈተውን ውሃ አልፈልግም ብሎ እንደ እኔ፣ እንደ እርስዎ ልጆች፣ እንጨቱን ዞረ። የበረራ ፈቃዱን ያስያዘው ይህ ነው። ለአባቴ እንደ አባቱ ስላለቀሰለት ነው።»

አጎቴ ጥርሱን በመዳፉ ላይ አገላበጠ። «ሳኪዩሳ» አለ፣ «አንተ አጠገቡ ነበርክ። እውነት ነው?»

ወንድሜ ተነሳ። «እውነት ነው። እንግዳ ነኝ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ራቱ። ያን ቀን አይደለህም ብለው ኖሮ፣ በሥራ ማሳየት ሳያስፈልገው ወደ ናንዲ ይመለስ ነበር።»

አጎቴ ወደ አሽኒል ዞረ።

«እዚያ ጋ ድንጋይ እንዳለ አታውቅም?»

«አውቃለሁ። የምሻገረው መስሎኝ ነው።»

«ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ?»

«አዎ፣ ራቱ።»

«ሞኝ ነህ።»

«ነኝ።»

«እንግዳ እንዲህ አይሞኝም» አለ አጎቴ። ድምፁ ተሰበረ፤ አባቴ ሲቀበር እንኳ አልተሰበረም ነበር። «እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሳሳት የናሴሬ ልጅ ብቻ ነው። ይቅርታውን መልሻለሁ። እንጨቶቹን የሚነቅሉት የሟቹ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ተነስና ከእነርሱ ጋር ንቀል፣ አሽኒል።»

በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። አሽኒል ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሎ ተነሳ።

ራቱ ኢሶአ ከወዲያኛው ሰሌን ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። ፈገግ አለ፣ በሐዘንም ቢሆን። «እኔ ብሆን በጥልቁ ነበር የማርፈው» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ የትዳሩን ነገር ትቶ ወደ ሰዎቹ ተመልሶ ጎደሬውን ቁረሱልኝ አላቸው። ለዚያ ቃሉ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

እኔ፣ ወንድሜና አሽኒል ወደ ባሕሩ ገባን። ከዳር እስከ ዳር ሰው ቆሞ ያየናል። የመጀመሪያውን እንጨት እኔና አሽኒል ግራና ቀኝ ይዘን ወዘወዝነው። አሸዋው አጥብቆ ይዞታል።

«ለምን ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር። ሳልነግርሽ እንድታምኚኝ ፈለግሁ።»

«ይህማ ትዕቢት ነው።»

«ነው» አለ። «የአንቺስ?»

«የእኔ ይብሳል» አልኩና እንጨቱ ሲነቀል አብሬው ወደ ኋላ ወደቅሁ። ውሃው አንገታችን ድረስ መጣ፤ ጥልቁ ውስጥ ገብተናል። መቶ ሌሊት ሙሉ ያልነካሁት የአባቴ ውሃ ነበር። አሽኒል እጄን ያዘ፤ ሰው ሁሉ እያየ አልለቀቅሁትም።

ሳኪዩሳ ሁለተኛውን እንጨት በትከሻው ተሸክሞ፣ ጀርባውን ለእኔ እንደ ሰጠ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ።

«አሽኒል» አለ፣ «ለዚያች ሴትዮ መልእክት አለኝ።»

አሽኒል እንደ ደነገጠ ሰው አየኝ። ይህ መልእክት ሁልጊዜ በአክስቴ በኩል ነበር የሚመጣው፤ ከቤታችን ሰው በቀር በማንም በኩል መጥቶ አያውቅም።

«ንገረኝ» አለው።

«ዛሬ አባቴን መስላ ነው የዋለችው በልልኝ። ወንድሟ ኮርቶባታል በላት።»

አሽኒል ወደ እኔ ዞረ። በአንድ ክንድ ርቀት ነበር ያለሁት፤ ቃሉን ሁሉ ሰምቻለሁ። ግን ወጉ ወግ ነውና እስኪነግረኝ ዝም ብዬ ጠበቅሁ።